ግንቡና መሠረቱ

ስለ ቻይናዊቷ የበረዶ ሆኪ በረኛ ስለ ጉዎ ሆንግ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የመሐንዲሶች ማኅበር በሚሰበሰብበት አዳራሽ ስለ አንዲት ስፖርተኛ መናገር ከተለመደው ወጣ ያለ ሊመስል ይችላል። ድልድይ፣ ግድብና መንገድ በሚወሳበት መድረክ፣ በበረዶ ላይ ስለሚደረግ ጨዋታ፣ ያውም በሩቅ ምሥራቅ አገር ስለኖረች አንዲት በረኛ ማንሣት ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ቢቀርብ ተገቢ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። መሐንዲስ ማናቸውንም ሥራ ሲመረምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሸክሙ ያረፈው በምን ላይ ነው ብሎ ነው። የጉዎ ሆንግ የስፖርት ሕይወትም ከመነሻው እስከ መድረሻው የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው በቅድሚያ ይታወቅ።

ጨዋታውን ላላየ ሰው በጥቂቱ ማስረዳት ያስፈልጋል። የበረዶ ሆኪ በመልኩ ከገና ጨዋታ ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ይመስላል። በገና ጨዋታ ሁለት ወገን ሆነው በቆልማማ ዱላ ሩሯን እየመቱ ወደ ባላጋራ ወሰን ለማድረስ እንደሚታገሉ ሁሉ፣ በበረዶ ሆኪም ተጫዋቾቹ ቆልማማ ዱላ ይዘው ይፎካከራሉ። ልዩነቱ ሜዳው ሣር መሆኑ ቀርቶ በረዶ መሆኑ፣ የተጫዋቾቹ ጫማ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው መሆኑ፣ በሩርም ፈንታ ፓክ የሚባል፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር መመታቱ ነው። ፓኩ 7.62 ሳንቲ ሜትር የጎን ስፋትና 2.54 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ይደርሳል። ግቡ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ከፍታ አለው። ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ በሆነ ሦስት ክፍለ ጊዜ የሚደረግ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋቾችና አንዲት በረኛ ይሰለፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አምስቱ ተጫዋቾች በሙሉ ኃይላቸው የሚሮጡት ለአንድ ደቂቃ ያህል እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ከዚያም ወጥተው በወንበር ላይ ያርፋሉ፤ በምትካቸው ሌሎች ይገባሉ። በረኛዋ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው በስፍራዋ ትቆማለች። ስለዚህ ተለዋጭ ተጫዋች የበዛለት ቡድን ሁልጊዜ ያረፈ ጉልበት ሲያሰልፍ፣ ተለዋጭ ያነሰው ቡድን በደከመ ጉልበት ይከላከላል። ድካሙ የሚፈጥረው ክፍተት ሁሉ ተጠራቅሞ በመጨረሻ የሚያርፈው በበረኛዋ ላይ ነው። የሕንፃ ሸክም ከጣሪያ ወደ አግዳሚ፣ ከአግዳሚ ወደ ምሰሶ እየወረደ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የቡድንም ጉድለት በዚሁ መንገድ ይወርዳል።

የቻይና የሴቶች የበረዶ ሆኪ ያደገበት ስፍራ በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ጫፍ የሚገኘው የሄሎንግጂያንግ ክፍለ ሀገር ነው። ርእሰ ከተማው ሃርቢን ትባላለች። ከተማይቱ የተስፋፋችው ከ1898 ጀምሮ ሩሲያውያን መሐንዲሶች በማንቹሪያ በኩል የሚያልፈውን የምድር ባቡር ሐዲድ በዘረጉበት ጊዜ ነው። በሶንግኋ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ክረምቷ እጅግ የበረታ ነው፤ የጃንዩዋሪ ወር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ አገር የበረዶ ሜዳ ለማዘጋጀት የማቀዝቀዣ መኪና አያስፈልግም፤ የተስተካከለ መሬት ላይ ውሃ ማፍሰስና አንድ ሌሊት መታገሥ ይበቃል። ተፈጥሮ ይህን ያህል ስትረዳ ጨዋታው በሃርቢንና በጎረቤቷ በቺቺሃር መሠረት መጣሉ የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም ይኸው በረከት ወሰንም ሆኖባቸዋል። ብርዱ ባለበት ጨዋታው ተወለደ፤ ብርዱ በሌለበት ግን፣ የሕዝቡ ቁጥር ከአንድ ቢሊዮን በሚበልጠው በዚያ ሰፊ አገር፣ ጨዋታውን የሚያውቅ ሴት ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ብሔራዊው ቡድን በአብዛኛው ከአንድ ክፍለ ሀገር፣ ያውም ከሁለት ከተሞች የተውጣጣ ሆኖ ቆየ።

ጉዎ ሆንግ የተወለደችው በ1973 ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የደረሰችበት ዘመን ለጨዋታው ራሱ የልደት ዘመን ነበር። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በ1990 በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ሲደረግ እስያን የወከለችው ጃፓን ነበረች። ቻይና ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበችው በ1992 በፊንላንድ ከተማ በታምፔሬ ነው፤ በዚያም አምስተኛ ወጣች። በ1994 በአሜሪካ በሌክ ፕላሲድ፣ በ1997 ደግሞ በካናዳ በኪችነር በተደረጉት ሻምፒዮናዎች አራተኛነትን አገኘች። በመካከሉ፣ በ1996፣ የእስያ የክረምት ጨዋታዎች በሃርቢን ሲካሄዱ፣ የቻይና ሴቶች በገዛ ከተማቸው የወርቅ ሜዳልያ ወሰዱ። ከካናዳ፣ ከአሜሪካና ከፊንላንድ በስተቀር በዓለም ላይ የሚቀድማቸው አልነበረም ማለት ነው። ለዚህ ውጤት ተመልካቾች በአንደኛ ደረጃ የሚጠቅሱት ምክንያት በረኛዋን ነበር። የምዕራባውያን ጋዜጠኞች «ታላቁ የቻይና ግንብ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላት፤ ስሙም ከእርሷ ጋር ቀረ።

ግንብ መባሏ ግን ሥራዋን በትክክል አይገልጸውም። ግንብ በአንድ ቦታ ይቆማል፤ ጥሩ በረኛ ግን የምትከላከለው ቦታዋን በመምረጥ ነው። ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንዲት ተጫዋች ከግቡ 9 ሜትር ርቃ ፓኩን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መታችው እንበል። ይህ በሴኮንድ 27.8 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ፓኩ ግቡ ዘንድ የሚደርሰው በ0.32 ሴኮንድ ውስጥ ነው። የሰው ዐይን አይቶ እጅ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ደግሞ 0.2 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ለእንቅስቃሴው የሚተርፈው ከ0.12 ሴኮንድ አይበልጥም። በዚህች ቅጽበት የግቡን ማዕዘናት ሁሉ ማዳረስ አይቻልም። ስለሆነም አብዛኛው ሥራ መሠራት ያለበት ፓኩ ከመመታቱ በፊት ነው።

ዘዴውም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ነው። በረኛዋ በግቡ መስመር ላይ ከቆመች ልትሸፍን የሚገባት ስፋት ሙሉው 1.83 ሜትር ነው። ሦስት ሜትር ወደ ፊት ብትወጣ ግን ከመቺዋ የምትርቀው ስድስት ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ የሚሸፈነው ስፋት ወደ 1.22 ሜትር ይወርዳል። ከፍታውም በዚያው መጠን ከ1.22 ሜትር ወደ 0.81 ሜትር ዝቅ ይላል። በጠቅላላው 2.23 ካሬ ሜትር የነበረው ክፍት ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር በታች፣ ማለትም ከግማሽ በታች ይሆናል። ሦስት ሜትር መውጣት ይህን ያህል ይጠቅማል።

ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ጥቅም የለም። በረኛዋ ወደ ፊት በወጣች ቁጥር ከኋላዋ ያለው ግብ ባዶውን ይቀራል። መቺዋ መምታቷን ትታ ፓኩን ለጎን ጓደኛዋ ካቀበለች፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን መመለሻ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ በረኛዋ ደፍራ ልትወጣ የምትችለው ማቀበያውን መንገድ ጓደኞቿ ከዘጉላት ብቻ ነው። መልሳ የጣለችውን ፓክም የሚያርቅላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ያለዚያ ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከፋል። እንግዲህ የበረኛ ችሎታ የግል ቢመስልም በሌሎች ላይ የቆመ ነው። ጉዎ ሆንግ ተለዋጭ ባነሰው ቡድን ውስጥ ሆና የሠራችው ሥራ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው።

የሕይወቷ ከፍተኛ ምዕራፍ በጃፓን ከተማ በናጋኖ የተደረገው የ1998 የክረምት ኦሊምፒክ ነው። የሴቶች የበረዶ ሆኪ በኦሊምፒክ ሲቀርብ ያ የመጀመሪያው ነበር። የተጋበዙት ስድስት ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ካናዳ፣ አሜሪካ፣ ፊንላንድ፣ ቻይና፣ ስዊድንና አስተናጋጇ ጃፓን ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን የያዘው ሃያ ሰው ነው።

በዚያ ውድድር የተመዘገቡት ቁጥሮች ራሳቸው ይናገራሉ። ካናዳ ጃፓንን 13 ለ 0 አሸነፈች፤ ቻይናን ግን ያሸነፈችው 2 ለ 0 ብቻ ነው። አሜሪካ በጃፓን ላይ አሥር ግብ ስታስቆጥር፣ በቻይና ላይ ያስቆጠረችው አምስት ነው። ቻይና ስዊድንን 3 ለ 1፣ ጃፓንን 6 ለ 1 ረታች፤ በፊንላንድ 6 ለ 1 ተሸነፈች። ካናዳና አሜሪካ በመጨረሻው ጨዋታ ለወርቅ የተፋለሙት ቡድኖች መሆናቸው ሲታሰብ፣ በዓለም ላይ ብርቱ የሆኑት አጥቂዎች ሁሉ በስልሳ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ማለፍ የቻሉበት ግብ ምን ዓይነት ጥበቃ እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

ከምድቡ አራተኛ የወጣችው ቻይና ለነሐስ ሜዳልያ ከፊንላንድ ጋር እንደገና ተገናኘች። ቀኑ የካቲት 10 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1998 ነበር። ፊንላንድ 4 ለ 1 አሸነፈች። በዚሁ ዕለት አሜሪካ ካናዳን 3 ለ 1 ረትታ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። የቻይና ሴቶች ያለ ሜዳልያ፣ በአራተኛነት ተመለሱ። በስድስት ጨዋታ የገባባቸው ግብ አሥራ ዘጠኝ ነው።

ትልቁ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አራተኛነት እንዴት ሊነበብ ይገባ ነበር? አንደኛው ንባብ «አገሪቱ ከዓለም አራተኛ ደርሳለች፤ ጥቂት ብትገፋ ሜዳልያ ታገኛለች» የሚል ነው። ይህ ንባብ ደስ ያሰኛል፤ ለሪፖርትም ይመቻል። ሁለተኛው ንባብ የመሐንዲስ ነው። ሕንፃው መቆሙን ብቻ አይቶ አይረካም፤ በምን እንደቆመ ይመረምራል። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ጣሪያ ምሰሶው ጠንካራ እስከሆነ ድረስ በብዙ ምሰሶዎች ላይ ከቆመው ጣሪያ በውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የሚታወቀው ጭነቱ የጨመረ ዕለት ነው። የናጋኖ ውጤት የበረኛዋን ጥንካሬ በትክክል ለካ፤ የመሠረቱን ስፋት ግን አልለካም። እንዲያውም የበረኛዋ ችሎታ የመሠረቱን ጥበት ከዐይን ሰወረው ማለት ይቻላል።

ጭነቱ ደግሞ እየጨመረ ነበር። በካናዳ በ1990 ገደማ የተመዘገቡት ሴት ተጫዋቾች ስምንት ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከሰማንያ ሺህ በላይ ሆኑ። ከእነዚህ መካከል ለብሔራዊ ቡድን የሚበቁት ሃያዎቹ ሲመረጡ ውድድሩ ምን ያህል የጠነከረ እንደሚሆን ግልጽ ነው። በቻይና የነበሩት ተጫዋቾች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። የሃርቢን በረዶ እንደቀድሞው በየዓመቱ ይረጋ ነበር፤ በላዩ የሚቆሙት ልጃገረዶች ቁጥር ግን አላደገም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት በስሌት ሊገለጽ ይችላል። ሜዳልያን ዋና ግብ ያደረገ አስተዳደር ገንዘቡን የሚያፈስሰው አነስተኛ ወጪ ብዙ ሜዳልያ በሚያስገኝበት በኩል ነው። የበረዶ ሆኪ ሃያ ሰው ለአመታት ቀልቦና አሠልጥኖ አንድ ሜዳልያ ብቻ የሚጠበቅበት ስፖርት ነው። በአንጻሩ በበረዶ ላይ የፍጥነት ሩጫ አንዲት ጎበዝ ስፖርተኛ ብቻዋን ከአንድ በላይ ልታመጣ ትችላለች። እንዲያውም በ2002 በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገው ኦሊምፒክ፣ ከዚያው ከሄሎንግጂያንግ የወጣችው ያንግ ያንግ በአጭር ርቀት ፍጥነት ለቻይና የመጀመሪያውን የክረምት ኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘች፤ ወዲያውም ሁለተኛውን ደገመች። የሒሳብ መዝገቡን ለሚይዝ ሰው መደምደሚያው ግልጽ ነው። መዝገቡ የማያሳየው ነገር ቢኖር፣ ለቡድን ስፖርት የሚወጣው ወጪ ሜዳልያ ባያስገኝም ወደፊት የሚያሠለጥኑ፣ የሚዳኙና ልጆቻቸውን ወደ ሜዳ የሚወስዱ ሰዎችን ማፍራቱን ነው።

በሶልት ሌክ ሲቲ የጉዎ ሆንግ ቡድን የገጠመው ሁኔታ ከናጋኖ የተለየ ነበር። በናጋኖ 5 ለ 0 ያሸነፈችው አሜሪካ በዚህኛው 12 ለ 1 አሸነፈች። ፊንላንድ 4 ለ 0 ረታች፤ ከጀርመን ጋር 5 ለ 5 ተለያዩ፤ በሩሲያ 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ በመጨረሻ ካዛክስታንን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፈው ሰባተኛ ሆኑ። በአምስት ጨዋታ ሃያ ስድስት ግብ ገባባቸው። በናጋኖ በአማካይ በየጨዋታው ሦስት ያህል የነበረው አምስት አለፈ። በአራት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ምን እንደሆነ ለመረዳት የበረኛዋን ዕድሜ መቁጠር አያስፈልግም፤ የሃያ ስምንት ዓመት በረኛ ያረጀች አይደለችም። የተለወጠው ከፊት ለፊቷ የሚመጣው ኃይል ብዛት ነው። ያ ኦሊምፒክ ለእርሷ ሁለተኛውና የመጨረሻው ሆነ።

የሚቀጥለው ታሪክ የግንቡ መሠረት በምን ያህል ስፋት እንደተጣለ ያሳያል። በ2003 የዓለም ሻምፒዮና በቤይጂንግ ሊደረግ ተዘጋጅቶ ሳለ ሳርስ በተባለው ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2006 ቻይና ለቱሪን ኦሊምፒክ አልበቃችም። በ2008 ሃርቢን የዓለም ሻምፒዮናን አስተናገደች፤ ባለቤቶቹ ግን ስምንተኛ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት በፊንላንድ በሃሜንሊና ከዘጠኝ ቡድኖች የመጨረሻ ሆነው ከአንደኛው ምድብ ወረዱ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ እንደገና በኦሊምፒክ ተገኙ፤ በዚያም አሜሪካ ያሸነፈቻቸው ከስምንት ዓመት በፊት በነበረው በዚያው ውጤት፣ በ12 ለ 1 ነው። በዚሁ ውድድር ካናዳ ስሎቫኪያን 18 ለ 0 ስለረታች፣ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ዣክ ሮግ በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ካልጠበበ ጨዋታው በኦሊምፒክ ሊዘልቅ እንደማይችል እስከ ማስጠንቀቅ ደረሱ። እንግዲህ የመሠረት ጥበት አደጋው ለአንድ አገር ብቻ አልነበረም፤ የሴቶቹን ጨዋታ በሙሉ የሚያሰጋ ሆነ።

ቻይና የ2022ን የክረምት ኦሊምፒክ እንድታስተናግድ ከተመረጠች በኋላ ጥገና ተጀመረ። በ2017 ኩንሉን ሬድ ስታርና ቫንኬ ሬይስ የተባሉ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ተቋቁመው፣ መቀመጫቸውን ሼንዠን አድርገው በካናዳ የሴቶች ሊግ ገቡ። ሼንዠን ክረምቱ በረዶ የማይጥልበት የደቡብ ከተማ መሆኑ ጨዋታው ከብርድ አገር ወሰን መውጣት መጀመሩን ያመለክታል፤ እዚህ ላይ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ሥራ ሊዘነጋ አይገባም። ኩንሉን በመጀመሪያው ዓመቱ እስከ ሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በማርካም 2 ለ 1 በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፈ። በግቡ የቆመችው ግን ፊንላንዳዊቷ ኖራ ራቲ ነበረች።

በ2022 በቤይጂንግ ብሔራዊው ቡድን በሰሜን አሜሪካ ተወልደው ባደጉ የቻይና ዝርያ ባላቸው ተጫዋቾች ተጠናክሮ ቀረበ። በረኛዋ ዦው ጂያይንግ በካናዳ ያደገች፣ በአሜሪካም በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተጫወተች ናት። ቡድኑ ዴንማርክን 3 ለ 1፣ ጃፓንን በቅጣት ምት 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በቼክ 3 ለ 1፣ በስዊድን 2 ለ 1 ተሸንፎ ከአሥር ቡድኖች ዘጠነኛ ወጣ። በአራት ጨዋታ የገባበት ግብ ሰባት ብቻ መሆኑ የመከላከሉን ጥንካሬ ይመሰክራል። ከሃርቢን ልጆች መካከል ደግሞ ዩ ባይዌይ በ2010ም በ2022ም ተሰልፋለች፤ በሁለቱ ኦሊምፒኮች መካከል የነበረው የአሥራ ሁለት ዓመት ክፍተት በተጫዋቾች ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው እርሷ ናት። በ2023 ቡድኑ በሼንዠን አሸንፎ ወደ አንደኛው ምድብ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ በዩቲካ ተሸንፎ እንደገና ወረደ።

ከውጭ ተጫዋች ማምጣት በራሱ ነውር አይደለም። ያዘመመ ግድግዳ እስኪጠገን ድረስ በድጋፍ ይያዛል፤ ይህ የታወቀ የሙያ ሥርዓት ነው። ጥያቄው ድጋፉ ቆሞ ሳለ ከሥሩ መሠረቱ እየተቆፈረ፣ ድንጋዩ እየተደረደረ ነው ወይስ ድጋፉ ራሱ እንደ ሕንፃ ተቆጥሯል የሚለው ነው። የድጋፉ እንጨት ሲነሣ ግድግዳው በራሱ ካልቆመ፣ የተሠራው ሥራ ጊዜ ከመግዛት አላለፈም።

ክቡራንና ክቡራት፤

የዚህች በረኛ ታሪክ ለዚህ ጉባኤ የቀረበው ስለ ስፖርት ለማስተማር አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፕሮጀክቱና በየፋብሪካው አንድ ጉዎ ሆንግ አይጠፋም። የአሮጌውን ጀኔሬተር ጠባይ ብቻውን የሚያውቅ መካኒክ፣ የከተማውን የውሃ መስመር በካርታ ሳይሆን በቃሉ የያዘ የመስክ ሠራተኛ፣ የጨረታውን ሰነድ ስሕተት ሁልጊዜ የምታገኝ አንዲት መሐንዲስ ይኖራሉ። ሥራው ሲሳካ ሁሉም ያጨበጭብላቸዋል፤ በሽልማቱም ዕለት ስማቸው ይጠራል። ነገር ግን ምስጋናው ብዙ ጊዜ ከሸክም መጨመር በቀር ሌላ ነገር አያስከትልም። «እገሌ እያለ ምን ያሳስባል» ይባላል፤ ይህች ቃል የምስጋና ልብስ የለበሰች የአስተዳደር ጉድለት መሆኗ አይስተዋልም።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የዚህ ምሳሌ ትርጉም በአብዛኛው የሚነገረው ተሸካሚውን ለመርዳት እንደሆነ ነው። ሆኖም ሌላም ወገን አለው። ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን የሚሸከመው ሰው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በማድነቅ ላይ ያለ ተመልካች፣ ሌሎቹ አርባ ዘጠኝ ሰዎች የት እንዳሉ መጠየቅ ይረሳል።

ስለዚህ አንድ ሥራ በመልካም ውጤት በተፈጸመ ጊዜ፣ ከደስታው ጋር ሦስት ጥያቄዎችን ማስከተል የሙያው ግዴታ ነው። ውጤቱ የለካው ሰውየውን ነው ወይስ ድርጅቱን? ያ ሰው ነገ ባይኖር ሸክሙ ወዴት ይወርዳል? ከእርሱ አጠገብ ቆሞ ሥራውን የሚማረው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በውድቀት ጊዜ ሁሉም ሰው ያነሣቸዋል፤ ያን ጊዜ ግን ዋጋቸው አነስተኛ ነው። የሚጠቅሙት በ1998 ነበር፤ ቡድኑ አራተኛ ወጥቶ፣ በረኛዋም በሃያ አራት ዓመቷ በሙሉ ኃይሏ ሳለች።

ስለ ጉዎ ሆንግ አንድ የመጨረሻ ቃል መጨመር ፍትሕ ነው። ከእርሷ በኋላ የመጣው ድክመት የእርሷን ሥራ አያሳንሰውም። የአንድ ምሰሶ ተግባር የተሰጠውን ሸክም መሸከም ነው፤ የምሰሶዎቹን ቁጥር የሚወስነው ንድፉን የሠራው ክፍል ነው። እርሷ የተሰጣትን ተሸክማለች። በናጋኖ መዝገብ ላይ ካናዳ 2፣ ቻይና 0 የሚለው መስመር ዛሬም ተጽፎ ይገኛል። ለተራ አንባቢ የሽንፈት መዝገብ ነው፤ ሸክም መለካት ለሚያውቅ ሰው ግን አንዲት ሴት በአንድ ምሽት ምን ያህል እንደተሸከመች የሚያሳይ ቁጥር ነው።